ባንድ በመሣሪያ ብቻ አይቆምም፤ ሰሚ ያስፈልገዋል
(ስለ ሠፈራችን ወጣቶች ባንድና ስለ አዳራሹ ጉዳይ የማኅበራችን ጽሕፈት ቤት አስተያየት)



እንደምታውቁት የሠፈራችን ወጣቶች ባንድ አቋቁመው በማኅበራችን አዳራሽ ልምምድ ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። ስድስት ናቸው፤ አራት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። አንድ ጊታር፣ አንድ ቤዝ ጊታር፣ አንድ ኪቦርድ፣ ድራም፣ አንድ ማሲንቆ፣ ከዚያም ድምፃዊት። ባለፈው ወር የመጀመሪያ ዝግጅታቸውን አቀረቡ። መግቢያው በነፃ ነበር። ሆኖም ከአዳራሹ ወንበር ግማሹ እንኳ አልሞላም። ከመጡትም ውስጥ አብዛኞቹ የልጆቹ እናትና አባት፣ እኅትና ወንድም ነበሩ።

ከዚያን ዕለት ወዲህ በሠፈሩ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንደኛው ከትልልቆቹ በኩል ነው። «አዳራሹ ለጩኸት ከሚውል ለነጋዴ መጋዘን ይከራይና ማኅበሩ ገቢ ያግኝ» ይላሉ። ሁለተኛው ከልጆቹ ከራሳቸው ነው። «ይህ ሠፈር ሙዚቃ አይገባውም፣ ለማን ብለን እንጫወታለን» ማለት ጀምረዋል። በእኛ በኩል ሁለቱንም አንቀበልም። አዳራሹ መዘጋት የለበትም፤ ሕዝቡም ሙዚቃ የማይገባው ሆኖ አይደለም የቀረው። ሰው ያልመጣው ማንም በሚገባ ስላልጠራው፣ የመጣውም ደግሞ ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት ስላላገኘ ነው። ይህ ደግሞ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። እንዴት እንደሚስተካከል የሚመስለንን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ባንድ ውስጥ መግባቱን ሲሰሙ «አዝማሪ ሊሆን ነው?» ብለው ያዝናሉ። ይህ የቆየ በሽታ ነው። አገራችን አዝማሪውን በሠርግ ላይ ትጠራለች፣ ታበላለች፣ ትሸልማለች፤ በማግሥቱ ደግሞ ስሙን ስድብ ታደርገዋለች። ኧረ ይብቃን! ዘመናዊው ሙዚቃችን የቆመው በሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃን አስፋፉ። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ብዙ ሙዚቀኞችን አፈሩ። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። ይህ ሁሉ የሰዎች ድካም ነው። ልጅ ማታ ማታ በአዳራሽ ውስጥ ጊታር ሲያጠና ከዋለበት የት እንደዋለ ይታወቃል። መጠጥ ቤት ከዋለ ግን ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። አዲስ ባንድ ተመልካች የሚያፈራው እንዴት ነው?

1ኛ/ ቋሚ ቀንና ቋሚ ቦታ ይኑር። ሽማግሌዎቻችን እንደሚያስታውሱት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት የታወቁት ባንዶች እያንዳንዳቸው ቤት ነበራቸው። ዋልያስ ባንድ ሂልተን፣ ዳህላክ ባንድ ግዮን፣ አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል ይገኝ ነበር። ሰው ባንዱን ፍለጋ ከተማ ለከተማ አይዞርም፤ የት እንዳለ ያውቃል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል። የኛ ልጆች ግን ከአንዱ ዝግጅት በኋላ ሁለተኛው መቼ እንደሆነ እንኳ አልተናገሩም። ሰው ወድዶት ቢሆንስ ወዴት ይመለስ? ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ በዚሁ አዳራሽ ይጫወቱ። ሦስት ሰው ቢመጣም ይጫወቱ። «የወሩ መጀመሪያ እሑድ የልጆቹ ነው» የሚባል ልማድ እስኪሆን ድረስ ቀኑ አይነካ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

2ኛ/ ሰዓቱ የሠፈሩን ኑሮ ይከተል። ባለፈው ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተብሎ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ። በዚያ ሰዓት እናቶች እራት ያቀርባሉ፣ ሕፃናት ይተኛሉ፣ ከሠፈር ውጭ የመጣ ሰው ደግሞ ታክሲ ያጣል። ከቀኑ 10 ሰዓት ተጀምሮ 12 ሰዓት ላይ ቢያልቅ ሁሉም ሳይመሽበት ቤቱ ይገባል። የተባለው ሰዓት ደግሞ የተባለው ሰዓት ይሁን። አዳራሹ ባይሞላም በ10 ሰዓት ይጀመር። ዘግይቶ የመጣው ሁለት ዘፈን ሲያመልጠው በሚቀጥለው ወር በሰዓቱ ይመጣል። ሁልጊዜ እየተጠበቀ ከሆነ ግን በሰዓቱ የመጣው ሰው ይቀጣል ማለት ነው፤ እርሱ ደግሞ ዳግመኛ አይመጣም።

3ኛ/ ወቅት ይታወቅ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጭፈራ አይጠራም፤ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን የረመዳን ጾምም እንደዚሁ ይከበር። ይህ ጊዜ ለልምምድ ነው፣ አዲስ ዘፈን ለማዘጋጀት ነው። ጥር ሲመጣና ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የሠርግ ወቅት ነው። ሠርግ ለአዲስ ባንድ ትልቅ በር ነው፤ ምክንያቱም ሰውን መጥራት አያስፈልግም፣ ሰው ራሱ ተሰብስቦ ይጠብቃል። በአንድ ሠርግ ላይ ጥሩ የተጫወተ ባንድ ከዚያው ድንኳን ውስጥ ሌላ ሁለት ሠርግ ይዞ ይወጣል። በተለይ ግን አንድ ነገር እናሳስባለን። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤታችን ቤት ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ የድራም ድምፅ ከአዳራሹ ይሰማ ነበር። ልጆቹ አላወቁም ነበር፤ ሲነገራቸውም ወዲያው አቁመዋል። ቢሆንም ዛሬ «አዳራሹ ይዘጋ» ከሚሉት መካከል ብዙዎቹ ያንን ቀን አልረሱም። የእድሩ ጥሩምባ ከተነፋ ሦስት ቀን ልምምድ የለም። ሠፈር ሲያለቅስ አብሮ ዝም ያለ ባንድ፣ ሠፈር ሲደሰት ይጠራል።

4ኛ/ ጥቂት ዘፈን፣ በደንብ። የመጀመሪያው ዝግጅት ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከሃያ በላይ ዘፈን ተሞከረ፣ ግማሹ መሐል ላይ ተበላሸ፣ በየዘፈኑ መካከል ጊታር ሲቃኝ ሰው ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ምን ያደርግ? ተነሥቶ ሄደ። አሥር ዘፈን በሚገባ ተጠንቶ በአንድ ሰዓት ቢቀርብ ሰው «አለቀ እንዴ?» እያለ ይወጣል። «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ ከመውጣት ይህ ይሻላል። መሣሪያው ሰው ሳይገባ ይቃኝ፤ የዘፈኑ ተራ በወረቀት ተጽፎ በየሰዉ እግር ሥር ይቀመጥ።

አሰላለፉም ይታሰብበት። አዲስ ባንድ የራሱን ዘፈን ብቻ ካቀረበ ሰው የሚይዘው ነገር ያጣል፤ የሰው ዘፈን ብቻ ካቀረበ ደግሞ ከካሴት ምን ለየው? ሁለት ሦስት የታወቀ ዘፈን፣ ከዚያ አንድ የራስ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ይሂድ። የራሳቸውም ዘፈን የሚያውቁትን ይናገር፤ የውኃ ወረፋውን፣ የታክሲ ሰልፉን፣ ሰው ተነሥቶ ባዶ የቀረውን ግቢ። የሌሎችን ዘፈን በአደባባይ መጫወት ግን በሕግ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር መሆኑን ልጆቹ ይወቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የግጥምና የዜማ ደራሲን መብት ይጠብቃል። ባለቤቱን ጠይቆ ማስፈቀድ ክብር ነው፤ ነገ የነሱም ዘፈን እንዲሁ እንዲከበርላቸው ይፈልጋሉና።

5ኛ/ ፊት ወደ ሰው። ይህ ከሁሉ የበለጠ ነጥብ ነው እንላለን። ልጆቹ ሲጫወቱ ጊታሪስቱ እግሩን ያያል፣ ኪቦርዱ የኪቦርዱን ቁልፍ ያያል፣ ድምፃዊቷ ጣሪያ ታያለች። እርስ በርስ እየተያዩ ለራሳቸው ይጫወታሉ። ከአዝማሪ ይማሩ! አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በሰው መሐል ይዞራል። ማን እንደመጣ፣ ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደመጣ ያያል። በስሙ ያነሣዋል። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሲሰጠው ወዲያው ተቀብሎ ያዜማል። ያ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተመልካች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የዘፈኑ ባለቤት ይሆናል። በሚቀጥለው ሳምንት ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። የኛ ባንድ ማሲንቆ አለው እኮ! በየዝግጅቱ አንድ ዘፈን ላይ ማሲንቆው ከመድረክ ይውረድ፣ ግጥም ከሰው ይቀበል። የሠፈራችን ሰው ቢጠሩት ግጥም አያጣም።

ሌላም ነገር አለ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ በነበረ ጊዜ ለማምሸት የፈለገ ሰው ቀድሞ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ እስኪነጋ ድረስ ባንዱ ይጫወታል። ያ ተመልካች መሄጃ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ቢሆንም ሙዚቀኞቹ ያንን ሁሉ ሌሊት ሰውን ሳያሰለቹ ለመያዝ መቼ ለስለስ፣ መቼ ሞቅ ማድረግ እንዳለባቸው ተማሩ። ዛሬ በሩ ክፍት ነው፣ በየሰዉ ኪስ ደግሞ ዘፈን የሞላ ስልክ አለ። ስለዚህ የዛሬ ባንድ የሰውን ፊት ማንበብ ከፊተኞቹ ይበልጥ ይጠበቅበታል።

6ኛ/ ጥሪው በአፍ ይሁን። ልጆቹ ቪዲዮ በስልክ ይለቅቃሉ፤ በቴሌግራምና በቲክቶክ ብዙ ሰው እንዳየላቸው ይነግሩናል። ደስ ይላል፤ ይቀጥሉበት። ግን በስልክ ያየ ሰው ወንበር አይሞላም፤ የሚያየው ሌላ ከተማ ሆኖ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የባንዱ አባል በየወሩ አምስት ሰው፣ ዘመድ ያልሆነ፣ ፊት ለፊት ሄዶ ይጥራ። ስድስት ሲባዛ በአምስት ሠላሳ ነው። የዳቦ ቤቱ ሠራተኞች፣ የታክሲ ተራ አስከባሪዎች፣ የትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች፣ የጀበና ቡና የሚያፈሉት እኅቶች። «እሑድ በ10 ሰዓት እንጫወታለን፣ እርስዎ ቢመጡልን ደስ ይለናል» ተብሎ በአክብሮት የተጠራ ሰው ባይመጣ እንኳ ያፍራል፣ በሚቀጥለው ይመጣል። በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይም ቦታ እንሰጣቸዋለን።

7ኛ/ መግቢያ በጥቂቱም ቢሆን ይከፈል። ነፃ የሆነ ነገር ሰው ይንቀዋል፤ «ካልሆነ ሌላ ጊዜ» ይላል። የአንድ ማኪያቶ ዋጋ የከፈለ ሰው ግን ይመጣል፣ ተቀምጦም ይሰማል። ለሕፃናትና ለአረጋውያን በነፃ ይሁን። ገንዘቡ ለመብራትና ለጽዳት፣ ቀሪው ለመሣሪያ ይዋል። የዋልያስ ባንድ ታሪክ ለዚህ ትምህርት ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሙዚቀኛ የሚጫወተው የክለብ ባለቤት ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሆነ መሣሪያ ነበር። የዋልያስ አባሎች ግን ገንዘባቸውን አዋጥተው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። በራሳቸው ቆሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግረው ተጫወቱ። መሣሪያው የራስህ ከሆነ ጌታህ ሰሚህ ብቻ ነው።

8ኛ/ መዝገብ ይያዝ። አንድ ደብተር በር ላይ ይቀመጥ። የመጣ ሰው ፈቃዱ ከሆነ ስሙንና ስልኩን ይጻፍ፤ ለሚቀጥለው ዝግጅት መልእክት ይላክለት። ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የሙዚቃ ቤት ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ጠፋ። ካዛንቺስ የነበረው ፈንዲቃ እ.ኤ.አ. በ2024 ሠፈሩ ለልማት ሲነሣ ፈረሰ። የኛም ሠፈር ከፊሉ ተነሥቶ ጎረቤቶቻችን በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ተመልካቹ ከቤቱ ጋር ብቻ የተሳሰረ ከሆነ ቤቱ የፈረሰ ዕለት አብሮ ይበተናል። ከባንዱ ጋር የተሳሰረ ከሆነ ግን የትም ይከተለዋል። እንዲያውም የተነሡት ጎረቤቶቻችን የመጀመሪያዎቹ ተጠሪዎች ይሁኑ። ለለቅሶ ብቻ ከምንገናኝ በወር አንድ ጊዜ ለዘፈን ብንገናኝ ምን ይለናል? እኛ ለአዳራሹ የምንከራከርበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው።

9ኛ/ ከሌላ ሠፈር ባንድ ጋር መድረክ ይካፈሉ። አንድ ወር እነርሱ እኛ ዘንድ፣ አንድ ወር የኛ ልጆች እነርሱ ዘንድ ይጫወቱ። እነርሱ ሠላሳ ሰው፣ እኛ ሠላሳ ሰው ብናመጣ አዳራሹ ስልሳ ሰው አየ ማለት ነው። መሣሪያም ይዋዋሳሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

በመጨረሻም ልጆቹ ትዕግሥት ይኑራቸው። የዋልያስ የኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ቀርቶ በዋሺንግተን ዳላስ አውሮፕላን ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ይነዳ ነበር። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። መድረክም ተመልካችም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የ1985 ካሴቱ እንደገና ታትሞ ሲወጣ ዓለም ፈለገው፤ እጁም አልዛገም ነበር። እንግዲህ አንድ እሑድ ግማሽ አዳራሽ ባዶ ሆነ ብሎ ተስፋ መቁረጥ ከወጣት አይጠበቅም።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ከሁለቱ ሴት ልጆች መካከል የአንዷ እናት «ልጄ በማታ ብቻዋን አትመለስም» ብለው ከባንዱ ሊያስወጧት እንደሆነ ሰምተናል። እናት አልተሳሳቱም፤ መፍራታቸው ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን ልጅቷን ማስቀረት ሳይሆን ሰዓቱን ማስተካከል ነው። ልምምዱ 12 ሰዓት ላይ ካበቃ፣ ሴቶቹንም አባሎቹ በሙሉ እስከ ደጃፋቸው ካደረሱ ምን ቀረ? ባንዱ ድምፃዊቱን ካጣ ደግሞ ስለ ተመልካች ማውራታችንም ከንቱ ነው።

አሁን ስለ አዳራሹ። የኪራዩን ገንዘብ አንንቅም። የእድራችን ድንኳን አርጅቷል፣ ወንበሮቹም ተሰብረዋል፤ ገቢ ያስፈልገናል። ነገር ግን ይህ አዳራሽ የተሠራው በየቤቱ በተዋጣ ገንዘብና ጉልበት የሠፈሩ ሰው እንዲሰበሰብበት ነው። መጋዘን ከሆነ ቁልፉ በነጋዴው እጅ ይገባል፤ ስብሰባችንን፣ ተዝካራችንን፣ የልጆቻችንን ጥናት የት እናድርግ? አንድ ጊዜ የተሰጠ ቁልፍ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

ሀ/ አዳራሹ ለስድስት ወር በባንዱ እጅ ይቆይ።

ለ/ ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ብቻ ይሁን። የቆርቆሮው ጣሪያ ድምፅ ስለሚያባዛ ልጆቹ በመስኮቶቹና በግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ስፖንጅ ይስቀሉ።

ሐ/ የመብራቱን ሒሳብ ባንዱ ይክፈል፣ አዳራሹንም ያጽዳ። ከመግቢያው ገቢ አንድ አራተኛው ለድንኳኑ ማሠሪያ ለእድሩ ይግባ።

መ/ በየወሩ ስንት ሰው እንደመጣና ከዚያ ውስጥ ዘመድ ያልሆነው ስንት እንደሆነ ከደብተሩ ተቆጥሮ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ሠ/ በስድስተኛው ወር ዘመድ ያልሆነ ሰው የአዳራሹን ግማሽ ካልሞላ ጉዳዩ እንደገና ይታይ። ያን ጊዜ ልጆቹም አያኮርፉ።

ይህ ለሁለቱም ወገን ሚዛናዊ ነው ብለን እናምናለን። ልጆቹ ሥራቸውን ይሥሩ፤ ነዋሪውም ቢያንስ አንድ ጊዜ መጥቶ ይስማና ከዚያ ይፍረድ። ሳይሰሙ መፍረድ ለዳኛም ለጎረቤትም አይሆንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ስድስት ልጆች ብቻቸውን የሚሸከሙትን እኛ ሁላችን ብንካፈለው ይቀላል።

ሐሳብ ያላችሁ፣ የምትቃወሙም ጭምር፣ በጽሑፍም ሆነ በቃል እስከ ስብሰባው ቀን ድረስ ለጽሕፈት ቤታችን እንድታቀርቡ በአክብሮት እንጠይቃለን። የሚቀጥለው ዝግጅት የሚመጣው ወር የመጀመሪያ እሑድ፣ በ10 ሰዓት፣ በአዳራሻችን ነው። በሩ በ10 ሰዓት ይከፈታል አላልንም፤ ዘፈኑ በ10 ሰዓት ይጀመራል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የማኅበሩ ዋና ፀሐፊ